የደም ማነስ ካርታና የብረት ካርታ፦ በኢትዮጵያ የንጥረ ነገር እጥረት ከክልል ክልል ለምን ይለያያል?

እ.ኤ.አ. በ2016 (በእኛ አቆጣጠር ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ቁመት ለክቷል፤ ከጣታቸው ወይም ከተረከዛቸው ጠብታ ደም ወስዶም የሄሞግሎቢን መጠናቸውን መርምሯል። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ሪፖርት ውስጥ ቢታተሙም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነበቡ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም በጥናቱ ከተመዘገበው የመቀንጨር መጠን ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚያው ክልል የደም ማነስ የታየባቸው ሕፃናት ግን 42 በመቶ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ክልሎች ዝቅተኛው ነው። በሶማሌ ክልል ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። የመቀንጨር መጠኑ 27 በመቶ ሲሆን ከዚህ ያነሰ የተመዘገበው በጋምቤላና በአዲስ አበባ ብቻ ነው፤ የደም ማነሱ ግን 83 በመቶ ደርሷል። በአንዱ ክልል ቁመት ተጎድቶ ደም በአንጻሩ ሲተርፍ፣ በሌላው ቁመት ተርፎ ደም ተጎድቷል።

ይህ ግልብጥብጥ የሚነግረን ነገር ቢኖር በተለምዶ «የምግብ እጥረት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ችግር አንድ ችግር አለመሆኑን ነው። ብረት፣ ፎሌት (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ)፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12፣ ዲ እና ዚንክ የየራሳቸው ካርታ አላቸው፤ የአንዱን ካርታ ይዞ የሌላውን መድኃኒት ማከፋፈል ደግሞ አብዝቶ የሚያስፈልገውን ሰው አልፎ ሊሄድ ይችላል። ከእነዚህ ካርታዎች ሁሉ በስፋት የተሠራውና አዘውትሮ የሚጠቀሰው የደም ማነስ ካርታ በመሆኑ ከእሱ መጀመር ይሻላል።

በ2016ቱ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል በአገር ደረጃ 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ይህ አማካይ ግን ሁለት ጫፎችን አጣብቆ የያዘ ነው። በሶማሌ ክልል ቁጥሩ 60 በመቶ፣ በአፋር 45 በመቶ ሲደርስ በአዲስ አበባ 16፣ በአማራ 17፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 19፣ በትግራይ 20 በመቶ ነበር። በሕፃናትም ዘንድ ተመሳሳይ አሰላለፍ ይታያል፤ ከሶማሌ ቀጥሎ አፋር በ75 በመቶ፣ ድሬዳዋ በ72፣ ሐረሪ በ68፣ ኦሮሚያ በ66 በመቶ ይከተላሉ። ካርታው ላይ ቀለም ቢቀባ ጥቁሩ ክፍል ከሰሜን ምሥራቅ ጀምሮ በምሥራቁ ቆላ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርድ ሰፊ መቀነት ይሆናል።

የጊዜውም ለውጥ ቢሆን ቀጥተኛ አይደለም። የሕፃናት የደም ማነስ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 54 በመቶ በ2011 ወደ 44 ወርዶ፣ በ2016 ወደ 57 ተመልሶ ወጥቷል፤ የሴቶቹም ከ27 ወደ 17 ከወረደ በኋላ ወደ 24 አሻቅቧል። የ2016ቱ መረጃ የተሰበሰበው በ2015 የኤልኒኞ ክስተት ያስከተለው ብርቱ ድርቅ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከብት በፈጀበትና ወተት በጠፋበት ወቅት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ድርቁ ሁሉንም አያስረዳም፤ ምክንያቱም ምሥራቁ ከምዕራቡና ከሰሜኑ ደጋ የባሰ የደም ማነስ ያለበት መሆኑ በቀደሙት ጥናቶችም የታየ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ምን እንደተለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መጠኑ ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል፤ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ይህ ወለል በሊትር 120 ግራም ነው። ሄሞግሎቢን ለመሥራት ብረት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ፎሌት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ኤም ያስፈልጋሉ። ወባ ቀይ ሕዋሳትን ያፈርሳል፣ መንጠቆ ትል ከአንጀት ደም ይመጥጣል፣ የቆየ ኢንፌክሽን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከተከማቸበት እንዳይወጣ ያግዳል። ስለዚህ «ደሟ አንሷል» ማለት «ብረት አንሷታል» ማለት ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ በሐኪም ፊት ላለች አንዲት ሴት ትልቅ ነው፤ ለአንድ ክልል የጤና ቢሮ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ብሔራዊ የማይክሮ ኒውትረንት (ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች) ጥናት ይህን ልዩነት በቁጥር አሳይቶታል። ጥናቱ ከክንድ ደም ሥር በተቀዳ ደም ሄሞግሎቢንን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንን፣ ማለትም የሰውነትን የብረት ክምችት አመልካች፣ ጭምር ለካ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ካልደረሰ ሕፃናት መካከል ወደ 34 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ሲገኝባቸው የብረት እጥረት የታየባቸው ግን ወደ 18 በመቶ ነበሩ፤ በሴቶች በኩል ቁጥሮቹ ወደ 18 እና ወደ 10 በመቶ ናቸው። የብረት እጥረት ኖሮባቸው ደማቸው ገና ያላነሰ ሰዎችም ስላሉ፣ በብረት እጥረት የመጣው የደም ማነስ ከዚህም ያንሳል። የሕፃናቱ የደም ማነስ በዚህ ጥናት 34፣ በአንጻሩ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ 57 በመቶ ሆኖ መገኘቱም ሊያሳስብ ይገባል። ሁለቱ የተካሄዱት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። የአንዱ ደም ከሥር፣ የሌላው ከጣት ጠብታ የተወሰደ መሆኑ ለልዩነቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ጣት ሲጨመቅ ከሕብረ ሕዋስ የሚወጣው ፈሳሽ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከሥር የሚቀዳ ደም እንዲቀድም መክሯል።

በክልሎች መካከል ንጽጽር ስናደርግ ሌላም እንቅፋት አለ፤ እሱም ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የብዙ ሰዎች ሰውነት ሄሞግሎቢን በመጨመር ያካክሳል። በዚህ ምክንያት ጥናቶች በደጋ ለሚኖሩ ሰዎች ወለሉን ከፍ ያደርጉታል፤ በ2016 በተሠራበት ስሌት 2,500 ሜትር ላይ የምትኖር ሴት ደሟ አላነሰም ለመባል ከ120 ይልቅ ወደ 133 ግራም ሊኖራት ይገባል። አዲሱ የ2024 መመሪያ ማስተካከያውን ከ500 ሜትር ጀምሮ እንዲደረግ አድርጎታል፤ በመካከለኛ ከፍታ ላይ የሚቀነሰውንም መጠን ጨምሯል። ደጋና ቆላ በጉርብትና በሚኖሩባት አገር ይህ ማስተካከያ ብቻውን ካርታውን ሊቀይረው ይችላል።

ችግሩ ሁሉም ደገኛ ለከፍታ የሚሰጠው ምላሽ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳተመ። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከፍታውን ተከትሎ እንደሚጨምር አሳየ፤ ለልዩነቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ኦሮሞዎች በከፍታው ላይ የሰፈሩት ከ500 ዓመታት ወዲህ በመሆኑ ሰውነታቸው ለመላመድ ያገኘው ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። እንግዲህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማስተካከያ ቢደረግ በሰሜኑ በኩል ጤነኛውን ሰው «ደሙ ያነሰ» ብሎ የመቁጠር ስጋት አለ። ከዚህ የሚከተለው ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት በተቃራኒ ነው፦ የአማራ ክልል ቁጥር እንዲህ ባለ ወደ ላይ በሚያደላ ሚዛን ተመዝኖም ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ከምሥራቁ ቆላ ጋር ያለው እውነተኛ ርቀት ካርታው ከሚያሳየው ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይችልም።

ታዲያ ደገኛውን ከብረት እጥረት ምን ጠበቀው? የተለመደው መልስ ጤፍ የሚል ነው፤ መልሱ እውነትነት ቢኖረውም ግማሹ ያለው ከአውድማው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በተካሄዱ ጥናቶች፣ በተለይም ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ሥራ፣ የደገኛው የቀን የብረት ፍጆታ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሚሊግራም የሚዘል ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ የመጡ ምርመራዎች እንዳሳዩት ከዚህ ብረት ብዙው የሚመጣው ከእህሉ ውስጥ ሳይሆን፣ ጤፉ መሬት ላይ ተሰጥቶ በበሬ ሲበራይ ከሚቀላቀለው አፈር ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አጥቦም ሆነ አንገዋሎ አፈሩን ፈጽሞ መለየት አይቻልም። የአፈር ብረት በአንጀት በቀላሉ አይመጠጥም፤ ነገር ግን በየቀኑ፣ በየማዕዱ፣ ዕድሜ ልክ ሲገባ ጥቂቱም ቢሆን ይጠራቀማል። በዚህ ላይ የእንጀራው ሊጥ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲብላላ፣ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። (መውቂያ ማሽን እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር ጤፉ ይጠራል፤ ከአፈሩ ጋር ብረቱም መቀነሱ አይቀርም። ይህን ከወዲሁ የሚከታተል የጤና መርሐ ግብር ቢኖር መልካም ነው፤ ማሽኑ ግን አይወቀስም።)

አርብቶ አደሩ ዘንድ ስንሄድ በከብት ሀብት የታወቀ አካባቢ በደም ማነስ ቀዳሚ መሆኑ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ይሆናል። እንቆቅልሹ የሚፈታው ከብት ያለው ሁሉ ሥጋ ይበላል የሚለውን ግምት ስንተው ነው። ግመልና ከብት ለአርብቶ አደሩ ጥሪቱ ነው፤ በዘወትር ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ሥጋ ሳይሆን ወተት ነው። ወተት ደግሞ በብረት ረገድ ድሃ ነው፤ የላም ወተት በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብቻ የሚይዝ ሲሆን በውስጡ ያለው ካልሲየምና ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረት እንዳይመጠጥ ያውካሉ። በወተት ያደገ ልጅ በፕሮቲንና በካልሲየም ረገድ ተጠቃሚ ስለሆነ ቁመቱ ይረዝማል፣ ብረቱ ግን ይጎድላል፤ በመግቢያው ያየነው የሶማሌ ክልል ግልብጥብጥ በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ። ከወተቱ ሌላ ያለው ምግብ ባብዛኛው የሚገዛ ወይም በእርዳታ የሚመጣ ነው፦ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር። ይህ ሁሉ ከሻይ ጋር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የብረትን መመጠጥ በ64 በመቶ፣ ቡና ደግሞ በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ደገኛውም ከቡናው ስለማይለይ በዚህ በኩል አንዱን ክልል ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን በየቀኑ ከአፈርም ከእህልም ብዙ ብረት የሚያገኝ ሰው የሚያጣውን ያህል፣ ጥቂት ብረት የሚያገኝ ሰው ሲያጣ ጉዳቱ እኩል አይደለም።

የሴቶቹን ቁጥር ለመረዳት ከምግብ ባሻገር ወሊድን ማየት ግድ ይላል። አንድ እርግዝና በጠቅላላው አንድ ሺህ ሚሊግራም ያህል ብረት ይጠይቃል፤ ይህን ለመተካት ጊዜና ምግብ ያስፈልጋል። በዚያው በ2016 ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአፋር 5.5፣ በአማራ 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ከሴቶች የደም ማነስ ቁጥር ጎን ለሚያስቀምጥ ሰው ግንኙነቱ ማብራሪያ አይሻም። እንደ እኔ አስተያየት በምሥራቁ የወሊድ መራራቅ አገልግሎት ከየትኛውም የብረት ክኒን ያላነሰ የደም ማነስ መከላከያ ነው፤ በሥነ ምግብ ሰነዶች ውስጥ ግን ጎልቶ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወባስ? ብዙ ጊዜ የቆላ የደም ማነስ በወባ ይሳበባል፤ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው የአገሪቱ ክፍል ለወባ የተጋለጠ በመሆኑም ምክንያቱ ያለ ነው። ይሁንና ወባ ብቻውን ካርታውን ቢሠራው ኖሮ ጥቁሩ ቀለም የሚያርፈው በምዕራቡ ነበር። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ ሆኖ ሳለ የሴቶቹ የደም ማነስ 19፣ የሕፃናቱ 43 በመቶ ብቻ ነው፤ ወባ በእጅጉ በሚስፋፋባት ጋምቤላም የሕፃናቱ ቁጥር 56 በመቶ ሆኖ ከአገሪቱ አማካይ ዝቅ ብሏል። ምዕራቡና ምሥራቁ በቆላነትና በሙቀት ሲመሳሰሉ በማዕድ፣ በአሰፋፈርና በወሊድ ይለያያሉ፤ የደም ማነሱም የተከተለው እነዚህን ይመስላል።

ወደ ቫይታሚኖቹ ስንመጣ ካርታው እንደገና ይገላበጣል። ብሔራዊው ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ወደ 17 በመቶው የፎሌት፣ ወደ 15 በመቶው የቢ12 እጥረት እንዳለባቸው አግኝቷል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው። ጾሙን በሙሉ የሚጠብቅ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል፤ በፍስኩም ቢሆን የገጠሩ አባወራ እነዚህን የሚያገኘው በበዓል ነው። ወተት የዘወትር ቀለቡ የሆነ አርብቶ አደር በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ፎሌት ደግሞ በተቃራኒው በአተር፣ በባቄላ፣ በምስርና በጎመን ይበዛል፤ ሽሮ የዕለት ምግብ የሆነበት ቤት ከሩዝና ከፓስታ ቤት ይልቅ ፎሌት ያገኛል። የፍየል ወተት በፎሌት እጅግ ድሃ መሆኑም የታወቀ ነው። እንዲህ ሲታይ ሁለቱ ቫይታሚኖች በሚዛን ሁለት ጎን ያሉ ያህል ናቸው። ተግባራዊ ትርጉምም አለው፦ የቢ12 እጥረት ላለበት ሰው ፎሊክ አሲድ (በክኒንና በዱቄት የሚሰጠው የፎሌት ዓይነት) ብቻውን በብዛት ቢሰጠው ደሙ ሊስተካከል ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ሳይታወቅ ይቀጥላል።

ፎሌት በሌላም ምክንያት ትኩረት ይሻል። በእርግዝና መጀመሪያ ሳምንታት ሲጎድል የሕፃኑ አከርካሪና ጭንቅላት ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች 131 ያህሉ ይህ ጉዳት እንደታየባቸው አሳይቷል። ይህ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ ቁጥሮች መካከል የሚመደብ ሲሆን፣ የተገኘውም በሴቶች የደም ማነስ ካርታ ላይ ከተሻሉት አንዱ በሆነው ክልል ነው።

የቫይታሚን ኤ እጥረት መልኩ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ሕዝቡም ዳፍንት ብሎ ስም ያወጣለት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከሕፃናቱ 37.7 በመቶው በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ አነስተኛ መሆኑን፣ 1.7 በመቶው ደግሞ በዓይናቸው ላይ የእጥረቱ ነጭ ምልክት እንደታየባቸው መዝግቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሁለተኛው ያስቀመጠው የአሳሳቢነት መስመር 0.5 በመቶ ነው። ብሔራዊው የማይክሮ ኒውትረንት ጥናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 14 በመቶ አውርዶታል። መሻሻል እንዳለ ባይካድም ልዩነቱ በሙሉ መሻሻል ነው ብሎ መቀበል ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሰው ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሲይዘው በደሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ እጥረት ባይኖርም ይወርዳል፣ ፌሪቲን ደግሞ በተቃራኒው ብረት ቢጎድልም ይወጣል። አንድ ዓይነት ኢንፌክሽን የአንዱን እጥረት አጋንኖ የሌላውን ይደብቃል ማለት ነው። ተቅማጥና ወባ በበዛበት ወረዳ የተሠራ ካርታ ይህን ካላስተካከለ የቫይታሚን ኤውን ችግር አብዝቶ፣ የብረቱን አሳንሶ ያሳያል።

ቫይታሚን ዲን በአጭሩ ላንሳው። የ13 ወር ፀጋ ባለቤት ነን በምንልባት አገር ፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ይጎድላል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በከተማው ልጆች 61.8 በመቶ፣ በገጠሩ 21.2 በመቶ እጥረት አግኝቷል። ልዩነቱ የኬክሮስም የክልልም አይደለም፤ በአንዲት ከተማ ዳር የሚያልፍ መስመር ነው።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ የክልል አማካይ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ለመጠየቅ ያስገድዳል። ኦሮሚያ ከወለጋ እርጥብ ደን እስከ ቦረና ደረቅ ሜዳ የሚዘልቅ ሲሆን «66 በመቶ» የሚለው ቁጥር የማንኛውንም ወረዳ መልክ አይናገርም። በ2016 «ደቡብ» ተብሎ በአንድ አኃዝ የተመዘገበው አካባቢ ዛሬ ሲዳማን ጨምሮ አራት ክልሎች ሆኗል፤ በውስጡም ቆጮ የሚበላው የእንሰት ደጋ፣ በቆሎ የሚበላው ወይና ደጋና የኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደር በአንድ ሚዛን ተለክተው ነበር። እንሰት በዚንክ ድሃ በመሆኑ በሲዳማ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፍተኛ የዚንክ እጥረት አግኝተዋል፤ በአገር ደረጃም እጥረቱ ከሴቶችና ከሕፃናት ሲሶ ያህሉን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ በኢትዮጵያና በማላዊ የእርሻ ማሳዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ አንድ ዓይነት እህል የያዘው ብረት፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ሴሊኒየም ከበቀለበት አፈር ጋር እጅግ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ገበሬው የራሱን ማሳ ምርት በሚበላበት አገር ይህ ማለት ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች አንድ ዓይነት እንጀራ እየበሉ የተለያየ ማዕድን ያገኛሉ ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው መፍትሔው ከእነዚህ ካርታዎች የትኛውን ይከተላል የሚለው ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በብረት፣ በዚንክ፣ በፎሊክ አሲድና በሌሎች ቫይታሚኖች፣ የምግብ ዘይትም በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቋል። አገሪቱ በጨው ያገኘችው ልምድ አበረታች ነው፦ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በ2011 እ.ኤ.አ. 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደርሷል። እርግጥ ብሔራዊው ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው ከአራት ቤት በአንዱ ብቻ እንደሚገኝም አሳይቷል። ጨው ግን ከዱቄት የሚለይበት ነገር አለ። ብዙው ከአንድ ቦታ፣ ከአፋር አፍዴራ፣ ስለሚወጣ በምንጩ ላይ መቆጣጠር ይቻላል፤ ቆላው ያመረተው ጨው ነው ለደጋው እንቅርት መድኃኒት የሆነው።

ዱቄቱ መንገዱ ሌላ ነው። የደጋው ገበሬ ያመረተውን ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ይወስዳል እንጂ የፋብሪካ ዱቄት አይገዛም፤ የበለጸገው ዱቄት በቅድሚያ የሚደርሰው ዳቦ ለሚገዛው ከተሜ ነው፤ እሱም በደም ማነስ ካርታ ላይ ከተሻሉት መካከል ይገኛል። ዱቄትና ፓስታ ገዝቶ የሚበላው አርብቶ አደር ከገበሬው የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ነገር ግን በምሥራቁ ገበያ ከሚሸጠው ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት ብዙው ከድንበር ማዶ የሚገባ በመሆኑ የአገር ውስጥ ፋብሪካን የሚያስገድድ ደረጃ ብቻውን አይደርስበትም። በእኔ ግምት በምሥራቁ ለውጥ የሚያመጣው ከፋብሪካው በር ይልቅ በጉምሩክ ጣቢያና በእርዳታ እህል ግዥ ውል ላይ የሚጻፈው መስፈርት ነው።

ክኒኑም ቢሆን እንዲሁ ከቦታ ጋር ይጣላል። በ2016 ካረገዙ ሴቶች 42 በመቶው ብረት የወሰዱ ሲሆን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ በየወሩ ወደ ጤና ኬላ እንዲመለስ መጠበቅ ደግሞ ቁጥሩን ከዚህም ያወርደዋል። ለሕፃናት ብረት መስጠትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2006 በታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት የተደረገ ሙከራ ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ ወባ በበረታበት በዚያ አካባቢ ብረትና ፎሊክ አሲድ የተሰጣቸው ሕፃናት ለከባድ ሕመምና ለሞት ይበልጥ ተጋልጠዋል። ስለዚህ በጋምቤላ ወይም በቤኒሻንጉል የብረት ዘመቻ ከአጎበርና ከወባ ሕክምና ተነጥሎ ሊካሄድ አይገባውም፤ በደረቁ የሶማሌ ሜዳ ግን ተመሳሳይ ጥንቃቄ ክኒኑን ለማዘግየት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ በወረዳ ደረጃ የሚሠራ የብረት፣ የፎሌትና የቢ12 ካርታ ያስፈልጋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አጭር የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሄሞግሎቢንን እንኳ አልለካም። የሚጠይቀው ከጣት ጠብታ ይልቅ ከክንድ ሥር የሚቀዳ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም፣ ሴረሙን (ከደሙ ሕዋሳት የሚለየውን ፈሳሽ) በሰዓታት ውስጥ የሚለይ መሣሪያና እስከ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ድረስ ቅዝቃዜውን የሚጠብቅ ሳጥን ነው። ከጎዴ ወይም ከሰመራ ሙቀት ይህን ሰንሰለት ሳያቋርጡ ማምጣት ቀላል ባይሆንም፣ ብሔራዊው የማይክሮ ኒውትረንት ጥናት በሁሉም ክልሎች አንድ ጊዜ አድርጎታል።